በሳምንት አንድ ጫማ፦ የፖርቱጊዝ ቤንድ የመሬት መንሸራተት የጉዳይ ጥናት

እሑድ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው በራንቾ ፓሎስ ቨርዴስ ከተማ፣ ፖርቱጊዝ ቤንድ በሚባለው ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ አቅራቢው ኩባንያ የ140 ቤቶችን መብራት አቋረጠ። ነዋሪዎቹ ሂሳብ አላጓደሉም፤ ማዕበልም ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አልደረሰም። ሰማዩ የጠራ፣ ዝናብ ከጣለም ወራት ያለፉበት ቀን ነበር። ችግሩ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ የቆሙበት መሬት ወደ ባሕሩ እየሄደ መሆኑ ነው። አንዱ ምሰሶ ከሌላው ሲርቅ ሽቦው ይወጠራል፣ ሲቀርበው ይረግባል፤ የተበጠሰ ሽቦ በደረቀ ሣር ላይ ከወደቀ ደግሞ ሰደድ እሳት ያስነሣል። የጋዝ መስመሩም ከአንድ ወር በፊት፣ በጁላይ መጨረሻ፣ በተመሳሳይ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በአጎራባቹ የሲቪው ሰፈር በ105 ቤቶች መብራት ጠፋ፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን የካሊፎርኒያ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በከተማዪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የካሊፎርኒያ ክረምት ሲባልም ከኖቬምበር እስከ ማርች ገደማ ያለው የዝናብ ወቅት፣ በጋው ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ ያለው ደረቅ ወቅት ነው።)

የመሬት መንሸራተት ሲባል ለአብዛኞቻችን በዓይነ ሕሊና የሚመጣው ናዳ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 22 ቀን በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው አደጋ የዚህ ዓይነቱ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወርዶ፣ ሊረዱ የደረሱትን ጭምር ቀብሮ ያበቃ። የፖርቱጊዝ ቤንድ መሬት ግን ሌላ ጠባይ አለው። በኦገስት 2024፣ እጅግ በፈጠነበት ሰሞን፣ ፍጥነቱ በአንዳንድ ስፍራ በሳምንት አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። ይህ በቀን ከ4 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በሰዓት ሲሰላ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶ ሲነሣ አልጋው፣ ቤቱና ግቢው አብረው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ባሕር ተጉዘዋል ማለት ነው። እንቅስቃሴው በዓይን አይታይም፣ ለጆሮም የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም ይህ መሬት ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት በዓመት ይለካ የነበረውን ርቀት በዚያ ክረምትና በጋ በሳምንታት ውስጥ ይጨርሰው ጀመር። የዚህ ጥናት ጥያቄ ይህ ነው፤ ወደ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲለካ፣ ሲቆፈርና በፍርድ ቤት ሲያከራክር የኖረ፣ ሁሉም ያውቀዋል የተባለ አዝጋሚ መንሸራተት በምን ምክንያት በአንድ ጊዜ ገሠገሠ?

ከሥር ያለው ሸክላ

የፓሎስ ቨርዴስ ባሕረ ገብ መሬት ከባሕር ወለል ቀስ በቀስ ተገፍቶ የወጣ ኮረብታ ነው። ዐለቱ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት በባሕር ወለል ላይ የተነባበረ ደለል ሲሆን፣ በደለሉ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ በየጊዜው ወርዶ ንጣፍ ሠርቷል። አመዱ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ቤንቶናይት ወደሚባል ሸክላ ተለወጠ። የዚህ ሸክላ ዋና ማዕድን ከእኛው የደጋ ዋልካ ማዕድን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ በክረምት ደግሞ አብጦ ጫማ የሚያወልቀው ጥቁር አፈር ጠባዩን የሚያገኘው ከዚሁ ዓይነት ማዕድን ነው። ልዩነቱ ዋልካው ከላይ ሆኖ ስለሚታይ ገበሬው ጠባዩን ማወቁ፣ የካሊፎርኒያው ሸክላ ግን በብዙ ሜትር ዐለትና አፈር ሥር እንደ ቀጭን ሉሕ ተዘርግቶ መገኘቱ ነው።

ሁለት ነገሮች ይህን ሉሕ አደገኛ ያደርጉታል። የመጀመሪያው የንጣፉ አቀማመጥ ነው፤ ድርብርቦቹ በለዘበ ተዳፋት ወደ ባሕሩ ያዘነበሉ ናቸው፤ ማዕበሉም ከግርጌው አፈርና ዐለት እየሸረሸረ ስለሚወስድ ከፊት ለፊት ደግፎ የሚይዛቸው ነገር በየጊዜው ይቀንሳል። ሁለተኛው የሸክላው ድክመት ነው። እንዲህ ያለ ሸክላ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ በኋላ ቅንጣቶቹ በእንቅስቃሴው አቅጣጫ ተጋድመው ስለሚቀሩ ሰበቃው እጅግ ይቀንሳል፤ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ተዳፋት ላይ እንኳ የተሸከመውን መያዝ ሊያቅተው ይችላል። የፖርቱጊዝ ቤንድ መሬት ደግሞ የተንሸራተተው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ዛሬ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ሰው በአካባቢው ከመስፈሩ እጅግ አስቀድሞ በተንሸራተተ አሮጌ መሬት ውስጥ ያለ ነው።

በዚህ ላይ ውሃ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ «ውሃው ሸክላውን ስለሚያሟልጨው ነው» ሲባል ይሰማል፤ አባባሉ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። በክረምት ወንዝ የተሻገረ ሰው ዋናውን ነገር በእግሩ ያውቀዋል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ሳለ እግሩ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ደረቱ ላይ ሲደርስ ግን ክብደቱ ሳይቀንስ እግሩ መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል፤ ውሃው ከክብደቱ ከፊሉን ተሸክሞለታልና። ድንጋይ የተሸከመ ሰው የበለጠ የሚጸናውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመንሸራተቻው ገጽ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ሲጨምር ከላይ ያለውን ጭነት ከፊሉን ይሸከማል፤ ጭነቱ ገጹን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፤ ሰበቃውም ከእርሱ ጋር ይቀንሳል። መሬቱን ወደታች የሚጎትተው የስበት ኃይል ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ «አዝጋሚ» የሚባለው ነገር የመሬቱ ቋሚ ጠባይ አይደለም፤ በአንድ ወቅት በጭነቱ፣ በውሃውና በግርጌው ድጋፍ መካከል የተገኘ ሚዛን ነው እንጂ። ሰፈሩ ይህን ዘግይቶ ተረዳው ማለት ይቻላል።

1956

ፖርቱጊዝ ቤንድ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ባሕር ዳርቻ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ከነበሩ ፖርቱጋላውያን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሕሩን ቁልቁል የሚያዩ ቤቶች ይሠሩበት ጀመር። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1946 ባሳተመው ጥናት አሮጌው መንሸራተት በካርታ ላይ ተመልክቶ ነበር፤ ካርታው ግን ግንባታውን አላስቆመም። ብዙዎቹ ቤቶች የጋራ የፍሳሽ መስመር ስላልነበራቸው የእያንዳንዱ ቤት ፍሳሽ በየግቢው ወደተቆፈረ ጉድጓድ ይገባ ነበር፤ የአትክልቱም ውሃ ወደዚያው መሬት ይሰርጋል።

በ1956 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ (ከተሞችን ያቀፈው የአካባቢ መስተዳድር) ክሬንሾ ቡሌቫርድ የሚባለውን ጎዳና ከኮረብታው አናት ወደ ባሕሩ ለማራዘም ሥራ ላይ ነበር። ለመንገዱ ከ100,000 ቶን በላይ አፈር በአሮጌው መንሸራተት ራስጌ ላይ ተደለደለ። በራስጌ የሚጨመር ጭነት መሬቱን ወደታች የሚገፋ ነው፤ በግርጌ የሚጨመር ጭነት ግን ደግፎ ይይዘዋል፤ በመንሸራተት ላይ የሚሠራ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚማረውም ይኸው ነው። በዚያው በጋ መጨረሻ መሬቱ ተነሣ። ወደ 105 ሄክታር የሚጠጋ ስፍራ ወደ ባሕር መሄድ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከ100 በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም የማይኖርባቸው ሆኑ።

ለማስቆም የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ዛሬ ሲያዩት ያሳዝናል። በ1957 ከሃያ በላይ ወፋፍራም የአርማታ ምሰሶዎች በመንሸራተቻው ገጽ ዘልቀው ወደታችኛው ዐለት እንደ ችካል ተተከሉ። እንቅስቃሴው ለጥቂት ጊዜ ዝግ አለ፤ ከዚያም መሬቱ ምሰሶዎቹን አጋድሞ፣ ገሚሱን ሰብሮ፣ ገሚሱን ይዞ ቀጠለ። ከመቶ ሄክታር በላይ የሆነን መሬት በጥቂት ችካሎች ለመያዝ መሞከር የጎርፍ ውሃን በወንፊት እንደ መገደብ ያለ ነበር።

የቤቶቹ ባለቤቶች ካውንቲውን ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1965 ተወሰነ። «አልበርስ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ላይ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ይህ ፍርድ ከመሬቱ ባልተናነሰ ሊጠና የሚገባው ነው። ካውንቲው በቸልተኝነት ጥፋተኛ አልተባለም፤ አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር የሚል ድምዳሜም አልተደረሰም። ፍርድ ቤቱ ግን የመንግሥት ሥራ በግለሰብ ንብረት ላይ በቀጥታ አካላዊ ጉዳት ካደረሰ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ታወቀም አልታወቀም፣ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ካሣ ይገባል አለ። የካሣው መጠን ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አመክንዮው ለሕዝብ ጥቅም የተሠራ መንገድ ያስከተለውን ኪሳራ መንገዱን የሚጠቀመው ሕዝብ በጋራ ይሸከመው እንጂ በቦታው ላይ በተገኘ አንድ ባለቤት ትከሻ ላይ አይውደቅ የሚል ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው በበኩሉ ፍርዱን ትክክለኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ነገር ግን አንድ የጎንዮሽ ውጤት ነበረው። ተጠያቂው ስለተገኘ «መንገዱ ነው ያመጣው» የሚለው አነጋገር ሥር ሰደደ፤ መንገዱ ያነቃው አሮጌ መሬት ግን ከፍርዱም በኋላ እዚያው ነበር።

ከሚሄድ መሬት ጋር መኖር

ሰፈሩ አልተበተነም። ፍጥነቱ ቀንሶ በዓመት የሚለካ በሆነባቸው ዓመታት የቀሩት ሰዎች ቤታቸውን ከመሠረቱ ነቅለው በብረት ድጋፎች ላይ አስቀመጡት፤ በድጋፎቹ ሥር ደግሞ ክሪክ አደረጉ፤ ጎማ ለመቀየር መኪና የሚነሣበት ዓይነት፣ ግን ቤት የሚሸከም። አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃ ልክ በወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከመሃል ከወጣች ዝቅ ወዳለው ማዕዘን ተሂዶ ክሪኩ ጥቂት ዙር ይጠመዘዛል፤ አረፋዋ እስክትመለስ ድረስ። የውሃ፣ የጋዝና የፍሳሽ ቱቦዎች ከመሬት ውስጥ ወጥተው በላዩ ተዘረጉ፤ በየመጋጠሚያቸውም የሚተጣጠፍ ክፍል ተደረገላቸው። ባሕሩን ተከትሎ የሚያልፈው የፓሎስ ቨርዴስ ድራይቭ ሳውዝ ጎዳና በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ በየጊዜው አስፋልት ይደረብበታል፤ ሾፌሮቹም መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው «ስላይዱ ጋ ደረስን» ማለት ለመዱ።

የቤት ኢንሹራንስ የመሬት እንቅስቃሴን በአብዛኛው አይሸፍንም፤ ስለዚህ ክሪኩም፣ ውሃ ልኩም፣ ወጪውም የባለቤቱ ነው። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ከእጃቸው የገባውን መረጃ ይዘው፣ ይህ መሬት በዓመት ይህን ያህል ይሄዳል፣ እኔም ይህን ያህል እጠመዝዛለሁ ብለው አስልተው ነበር። ስሌቱ የቆመበት መሠረት ግን ያለፈው ፍጥነት ለነገም ይቀጥላል የሚል ነበር፤ የዚህን መሠረት ልክ የሚያሳይ ውሃ ልክ ደግሞ አልነበረም።

በ1970ዎቹ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መጣ። ከ1956ቱ መንሸራተት በስተምዕራብ ያለው የአባሎኒ ኮቭ መሬት መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከተማዪቱ በ1978 በአካባቢው አዲስ ግንባታ አገደች። በ1979 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ነዋሪዎች ተሰባስበው፣ በየቤቱ መዋጮ እየጣሉ የመሬት አደጋን የሚከላከሉበት የወረዳ አደረጃጀት እንዲያቋቁሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በሕጉ መሠረት በግዛቱ የመጀመሪያው የተቋቋመው በአባሎኒ ኮቭ ነው። ቀጥሎም በስተምሥራቅ የክሎንዳይክ ካንየን መንሸራተት ታወቀና እርሱም የራሱን ወረዳ አቋቋመ። የወረዳዎቹ መሣሪያ የውሃ ጉድጓድ ነበር፤ ለመጠጥ የሚሆን ሳይሆን የከርሰ ምድሩን ውሃ በፓምፕ ስቦ ወደ ባሕር የሚደፋ። በአባሎኒ ኮቭ ዘዴው ሠራ፤ እንቅስቃሴው ለረጅም ጊዜ ከመቆም ወደማይለይ ደረጃ ወረደ። በፖርቱጊዝ ቤንድም በ1980ዎቹ አፈር ከራስጌው እየተነሣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ በባሕሩ ጠርዝ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ ተደረደረ። ማዕበሉ ሽቦውን በጥቂት ዓመታት በላው።

ግሥጋሴው

የ2022–23 እና የ2023–24 ክረምቶች በደቡብ ካሊፎርኒያ ተከታትለው እጅግ ዝናባማ ሆኑ፤ በሁለቱም የሎስ አንጀለስ ዝናብ ከመደበኛው እጥፍ ወደሚጠጋ መጠን ደርሷል። በመካከላቸው፣ በኦገስት 2023፣ በዚያ አካባቢ ብዙም ያልተለመደው የሂላሪ ሐሩራማ ማዕበል በደረቁ ወቅት ዝናብ ጨመረበት። የመጀመሪያው ክረምት ውሃ ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ ሁለተኛው ደረሰ።

ዝናቡ እንደጣለ መሬቱ ወዲያው አልፈጠነም። ውሃ በሸክላና በተሰባበረ ዐለት ውስጥ ወደ ጥልቁ ለመውረድ ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ክረምቱ አልፎ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ሰው «አሁንስ ተረፍን» በሚልበት ጊዜ ነው ከታች ያለው ግፊት የሚያይለው። ከፍተኛው ፍጥነት በኦገስት፣ መብራቱ መጥፋት ደግሞ በሴፕቴምበር መሆኑ በዚህ ይገለጻል። ችግሩ ራሱን የሚመግብበት መንገድም አለ፤ መሬቱ ሲሄድ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ለቀጣዩ ዝናብ የተከፈተ ቦይ ይሆናል፣ የሚሰበረው የውሃና የፍሳሽ ቱቦም የራሱን ድርሻ ያፈስሳል።

ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የተለወጠው። ከሞላ ጎደል ጸጥ ብለው የነበሩት የአባሎኒ ኮቭና የክሎንዳይክ ካንየን መሬቶችም አብረው ተነሡ። በክሎንዳይክ ካንየን ክልል ያለው ሲቪው በብረት ድጋፍና በክሪክ የቆመ ሰፈር አልነበረም፤ ቤቶቹ የተለመደ የአርማታ መሠረት ያላቸው፣ ለአሥርተ ዓመታት ሰላም የነበሩ ናቸው። እዚያ ጎዳናው ተገምሶ አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ቆመ፤ በሮች ከመቃናቸው ጋር አልገጥም አሉ፣ ወለሎች ለሁለት ተከፈሉ።

ለውጡን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው ግን አንድ ጸሎት ቤት ነው። ዌይፋረርስ ቻፕል በባሕሩ ትይዩ በሎይድ ራይት ንድፍ ተሠርቶ በ1951 የተጠናቀቀ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም በአብዛኛው መስተዋት የሆነ ሕንፃ ነው። መስተዋት እንጨት እንደሚያደርገው ጎብጦ አይታገሥም፤ የያዘው ክፈፍ ማዕዘኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሕንፃው፣ ማንም ሳያስበው፣ በኮረብታው ላይ ከተተከሉት ሁሉ የበለጠ ስሜታዊ የመለኪያ መሣሪያ ነበር። በዲሴምበር 2023 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። በፌብሩዋሪ 2024 መስተዋቶቹ እየተሰነጠቁ፣ ብረቱ እየተጣመመ ስለመጣ ተዘጋ። በዚያው በጋ መስተዋቱና እንጨቱ አንድ በአንድ ምልክት እየተደረገበት ተፈታ፤ ሌላ ቦታ መልሶ ለመትከል ታስቦ ወደ ማከማቻ ገባ። ሰባ ዓመት በአንድ መሬት ላይ የቆመ ሕንፃ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አልቆመም።

በኦገስት 2024 የከተማዪቱ ጂኦሎጂስቶች ያቀረቡት ግኝት የጉዳዩን መልክ ለወጠው። በቁፋሮ የወረዱ መሣሪያዎች ከምድር በታች 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሌላ የሚንቀሳቀስ ገጽ አገኙ። እስከዚያ ድረስ ስሌቱም፣ የመፍትሔ ንድፉም የተሠራው በዚህ ላይ ባለው የታወቀ ገጽ ላይ ነበር። ውሃ ለማንጠፍጠፍ ወደ ኮረብታው ጎን በአግድም ሊቀበሩ የታቀዱት ቱቦዎች ከጥልቁ ገጽ በላይ የሚቀሩ ሆኑ። ይህ ለምን የተለያዩ የተባሉት ሦስት መንሸራተቶች አብረው እንደተነሡ ለመረዳት ይረዳል፤ በላይ በካርታ የተለያዩት መሬቶች ከሥር በአንድ ትልቅ አካል ላይ የተሳፈሩ ናቸው። የጥልቁን መንቀሳቀስ የሚመሰክር ሌላ ምልክትም በባሕሩ ዳር ታየ። የመሬቱ ግርጌ ከባሕሩ ሥር ወለሉን እየገፋ ስላነሣው ቀድሞ ውሃ የነበረበት ስፍራ ብቅ ብሎ አዲስ የባሕር ዳርቻ ሆነ። መሬት ከላይ ሲጎድል የጎደለው የት እንደሄደ የጠየቀ ሰው መልሱን እዚያ ቆሞ ማየት ይችል ነበር።

ለምን አልተናደም?

ፍጥነቱ እንዲህ ሲጨምር ቀጣዩ ደረጃ ድንገተኛ ናዳ ይሆን ወይ የሚለው ፍርሃት የሚገባ ነበር፤ በዚያው ግዛት ባሕር ዳር ምሳሌው አለና። በመካከለኛው ካሊፎርኒያ በቢግ ሰር የሚገኘው የመድ ክሪክ ተዳፋት ቢያንስ ለስምንት ዓመታት ቀስ እያለ ሲሄድ እንደነበረ ከሳተላይት ራዳር መረጃ ኋላ ታውቋል። በየክረምቱ ይፈጥናል፣ በየበጋው ይዘገያል። ከበርካታ ዓመታት ድርቅ በኋላ የ2016–17 ክረምት ከባድ ዝናብ አመጣ፤ ሜይ 20 ቀን 2017 ተዳፋቱ በአንድ ጊዜ ተንዶ ከ400 ሜትር በላይ የሚሆነውን ሃይዌይ 1 ቀብሮ ወደ ባሕር ገባ። የመንገድ ሠራተኞች ቀናት ቀደም ብለው ስለወጡ ሰው አልተጎዳም። መንገዱ እንደገና የተከፈተው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በጁላይ 2018 ሲሆን 54 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል።

ሁለቱ መሬቶች በዝናብ የፈጠኑ፣ በባሕር የተሸረሸሩ፣ ለዓመታት የተንፏቀቁ ናቸው፤ ጠባያቸውን የለየው በመጀመሪያ ደረጃ ተዳፋታቸው ነው። መድ ክሪክ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ሚዛኑ አንዴ ከተፋለሰ ቁልቁል የሚጎትተውን የሚገታ ነገር የለም። ፖርቱጊዝ ቤንድ ለዘብ ባለ ተዳፋት ላይ የተኛ ነው፤ መሬቱ በሄደ ቁጥር ግርጌው ወደ ላይ እየተገፋ ራሱን ይደግፋል። ከዚህም በላይ የቤንቶናይቱ ሰበቃ በቀደሙት እንቅስቃሴዎች ሊወርድ ወደሚችልበት ወርዷል። ድንገተኛ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጥንካሬው በአንድ ጊዜ ከሚሰበር ነገር ነው፤ አስቀድሞ የተሰበረ ነገር ግን ውሃው በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፣ በቀነሰ ቁጥር ይዘገያል። ለቤቱ ባለቤት ይህ ብዙ ማጽናኛ አይሆንም፤ ቤቱ በአንድ ሌሊት ወይም በአንድ ዓመት ቢሰነጠቅ የመጨረሻው ሂሳብ አንድ ነው። ለሕይወት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይህ አገላለጽ ለዋናው አካል እንጂ በላዩ ላሉት ገደላማ ጠርዞች ሁሉ ዋስትና እንዳልሆነ መጨመር ያስፈልጋል፤ በዚሁ ባሕረ ገብ መሬት፣ በሳን ፔድሮ፣ በኖቬምበር 2011 ከባሕር ዳሩ ጎዳና አንድ ክፍል ተንዶ ወርዷል።

ከግሥጋሴው በኋላ

ከ2024 በጋ ጀምሮ ወደ ጥልቁ የሚወርዱ አዳዲስ የውሃ መሳቢያ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ መብራት በተቋረጠበት ሰፈር ፓምፖቹን ማሠራት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። በመኸሩ ፍጥነቱ መቀነስ ጀመረ። የናሳ ተመራማሪዎች ከሴፕቴምበር 18 እስከ ኦክቶበር 17 ቀን 2024 ድረስ በአውሮፕላን ላይ በተጫነ ራዳር በተለያዩ ጊዜያት ቃኝተው ያወጡት ካርታ ፈጣኑ ክፍል በሳምንት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄድ እንደነበር ያሳያል፤ ከኦገስቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። በሳምንት 10 ሴንቲ ሜትርም ቢሆን ግን ከሁለት ዓመት በፊት ቢነገር ማንም የማያምነው ፍጥነት ነው። ካርታው የሚንቀሳቀሰው ስፍራ ቀድሞ ከታወቀው የሰፋ መሆኑንም አሳይቷል።

መሻሻሉ የማን ነው የሚለውን ለመፍረድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፓምፖቹ ውሃ እየሳቡ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ የ2024–25 ክረምት እስከ ጃንዋሪ ድረስ ከወትሮው እጅግ ደረቅ ሆኖ መቆየቱም እንዲሁ። ሁለቱ አቅጣጫቸው አንድ ስለሆነ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት የሚቻለው ፓምፖቹ እየሠሩ ዝናባማ ክረምት ሲመጣ ነው።

በኦክቶበር 2024 ከተማዪቱ የፌዴራሉንና የግዛቱን የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ በመጠቀም በ42 ሚሊዮን ዶላር ቤቶችን በፈቃደኝነት ለመግዛት የሚያስችል መርሐ ግብር አስታወቀች። ቤቱ የሚገመተው ግሥጋሴው ከመጀመሩ በፊት በዲሴምበር 2022 በነበረው ዋጋ ሲሆን፣ ለባለቤቱ የሚከፈለው ከዚያ ሦስት አራተኛው ነው፤ የተገዛው ቤት ይፈርሳል፣ ቦታውም ዳግም እንዳይገነባበት ተደርጎ ክፍት ይሆናል። ገንዘቡ የሚበቃው ለሃያ ያህል ቤቶች ነበር፤ መብራት የተቋረጠባቸው ብቻ ከ240 ይበልጣሉ። በ1965 ፍርድ ቤቱ ኪሳራውን ለሕዝብ ያሸከመው መንገዱን የሠራው ሕዝብ ስለሆነ ነው፤ በ2024 ግን መሬቱን ያፈጠነው በዋናነት ዝናብ ስለሆነ ተጠያቂውን መለየት እንደዚያ ቀላል አይደለም፤ ከስሌቱ ውጭ የቀረው፣ በክሪክ ሳይሆን በአርማታ ላይ ቆሞ የነበረው የሲቪው ነዋሪ፣ የባንክ ዕዳውን እየከፈለ መብራት በሌለበት ቤት በጄኔሬተርና በፀሐይ ኃይል መኖርን ቀጠለ። በፓሎስ ቨርዴስ ድራይቭ ሳውዝ በስንጥቁ ክፍል ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት እንዳያልፉ ተከለከለ፤ መኪኖች ግን ያልፋሉ፣ አስፋልቱም በየጊዜው ይደረባል።